የመጀመሪያው ደንበኛ፤ ለራሱ ያደረ ባለሙያ እንዴት ይታመናል?

ከደመወዝ ወጥቶ ወይም ከነጭራሹ ወደ ደመወዝ ሳይገባ፣ በተማረው ትምህርትና በእጁ ባለው ጥበብ ብቻ ተማምኖ፣ ለብዙ ሰዎች በየሥራው እየተዋዋለ ለመኖር የቈረጠ ወጣት በከተሞቻችን፣ ይልቁንም በአዲስ አበባ፣ ቍጥሩ እየበረከተ መሄዱን ለመረዳት መዝገብ መግለጥ አያሻም፤ የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣባቸውን የቴሌግራም ገጾች የተከታተለ፣ ወይም በየካፌው ጥግ ላፕቶፑን ዘርግቶ አንድ ማኪያቶ ለግማሽ ቀን የሚያስታምመውን ሰው ያስተዋለ ሁሉ ይመሰክራል። ተርጓሚው፣ የሒሳብ ባለሙያው፣ የግራፊክስ ሠራተኛው፣ ፕሮግራም ጸሐፊው፣ ቪዲዮ አቀናባሪው «ፍሪላንሰር» በሚል አንድ ስም ተጠቃልለው ይጠሩ እንጂ ሙያቸው ለየቅል ነው፤ በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይተባበራሉ፤ ይኸውም ገና በጅምሩ «የመጀመሪያውን ደንበኛ ከየት ላምጣው?» እያሉ መጨነቃቸው ነው።

ለዚህ ጭንቀት የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ መታየትን የሚመለከት ነው። ገጽ ይከፈት፣ አርማ ይሠራ፣ የስም ካርድ ይታተም፣ የሥራ ናሙና በየዕለቱ ይለጠፍ ይባላል፤ ጀማሪውም ምክሩን ሰምቶ የመጀመሪያውን ወር የገዛ አርማውን ቀለም ሲቀያይር ያሳልፈዋል። (በዚህ ረገድ የግራፊክስ ሠራተኞች ከሁሉ ይልቅ ይበድላሉ፤ ለሌላው በሁለት ቀን የሚጨርሱትን አርማ ለራሳቸው ሲሆን በሁለት ወርም አይጨርሱትም።) ምክሩ ሐሰት ነው አይባልም፤ ነገር ግን የሠሪውን ሐሳብ እንጂ የአሠሪውን ልብ ስለማይመረምር ጐደሎ ነው። ደንበኛ ሊሆን የሚችለው ሰው ባለሙያ ጠፍቶበት አልተቸገረም፤ ባለሙያ ነኝ የሚለው በዝቶበት፣ የትኛውን እንደሚያምን ግራ ገብቶት ተቸገረ እንጂ። አንድ ነጋዴ የዓመት ሒሳቡን፣ አንዲት ሙሽራ ዳግም የማይመለሰውን የሠርጓን ቀን፣ አንድ ድርጅት በሕዝብ ፊት የሚቆምበትን ስሙን ለማያውቀው ሰው አሳልፎ ለመስጠት ሲያመነታ፣ ከዋጋው ይልቅ የሚያስፈራው ሥራው ቢበላሽ፣ ገንዘቡም ቢጠፋ፣ ሰውዬው ስልኩን አጥፍቶ ቢሰወር ማንን ይዞ እንደሚጠይቅ አለማወቁ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ደንበኛ ፍለጋ በእውነቱ ምስክር ፍለጋ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ነገሩን ከሥሩ ለመመልከት ያህል፣ በወር ደመወዝ መተዳደር በአገራችን ታሪክ የቅርብ ዘመን እንግዳ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ ለቤተ መንግሥት ወይም ለደብር ያላደረ የብዕርና የጥበብ ሰው ኑሮው የተመሠረተው ሥራ በሚያዝዘው ሰው ላይ ነበር። ቁም ጸሐፊው ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ የሚቀመጠው ዳዊት መድገም የሚሻ ሰው ሲያዝዘው ነው፤ የአዲስ አበባ ሠዓልያንም በሃያኛው ምዕት ዓመት መባቻ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ከመሣል ጐን ለጐን የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ፣ የዓድዋንም ጦርነት በሸራ ላይ እየሣሉ ለውጭ አገር ሰዎች ይሸጡ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለዛሬው ጀማሪ ትምህርት የሚሰጠው ግን፣ በፍርድ ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት አጥር ሥር ተቀምጦ፣ መጀመሪያ በብዕር፣ ኋላም በጽሕፈት መኪና፣ ዛሬ ደግሞ በኮምፒዩተር ለባለጉዳይ የሚጽፈው ማመልከቻ ጸሐፊ ይመስለኛል። ይህ ሰው አርማ የለውም፣ ማስታወቂያም አላስነገረም፤ ይሁን እንጂ ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ፣ በከተማው ውስጥ አንድ የሚያውቀው ሰው ሳይኖር፣ ለወንድሙ እንኳ ያልነገረውን የቤቱን ጉዳይ አንድ በአንድ ያጫውተዋል። ይህን ያህል የታመነበት ምክንያት፣ ችግሩ በሚወለድበት ደጅ ላይ በመቀመጡና፣ ነገም ተነገ ወዲያም እዚያው ቦታ እንደሚገኝ በመታወቁ ነው። የማመልከቻው ቃል ተሳስቶ መዝገብ ቤት ቢመልሰው፣ ባለጉዳዩ ጸሐፊውን ፈልጎ አያጣውም፤ የመቀመጫው ቋሚነት ራሱ ዋስ ሆኖታል። ስልክ ቍጥሩን በየጊዜው የሚለውጥ፣ ዛሬ አርማ ሠሪ፣ በሚቀጥለው ወር የማኅበራዊ ሚዲያ አማካሪ፣ በመስቀል ማግስት ደግሞ የድረ ገጽ ባለሙያ ነኝ የሚል ጀማሪ፣ ምንም ችሎታ ቢኖረው፣ ይህ ዋስትና የለውም።

ደመወዝ ክብር የሆነው በኋላ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የተማረ ሰው ጥቂት፣ የመሥሪያ ቤቱ ወንበር ግን ብዙ ስለ ነበረ፣ ተማሪው ትምህርቱን ሲፈጽም ወንበሩ ይጠብቀው ነበር፤ በደርግ ዘመን የነበረው የመንግሥት ምደባም ይህንኑ ልማድ አጸናው። ከዚህ የተነሣ ወላጅ «ልጄ ተቀጠረ» ሲል የሚሰማው ደስታ ልጁ ዲቁና የተቀበለለት ያህል ነው። ዛሬ በቤቱ ተቀምጦ ለሦስት ድርጅት የሚሠራ ልጅ፣ ገቢው ከባንክ ሠራተኛው ባያንስም እንኳ፣ እናቱ ጎረቤት ሲጠይቃት «ገና ሥራ አልያዘም» ማለቷ ለሳቅ ቢመችም ቀላል ነገር አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች መሆን የሚገባቸው ቤተ ሰቦቹ ስለ ሥራው የሚናገሩት ቃል አጥተዋልና። ጀማሪው ከማንም አስቀድሞ ለእናቱና ለአጎቱ ሥራውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስረዳት መቻል አለበት፤ «ኮምፒዩተር ነገር ይነካካል» ወደ ተባለ ሰው ማንም ደንበኛ አይልክም።

የደመወዙ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ወደ ውስጥ ያልዘለቁ ሰዎች በዚያም ዘመን አልታጡም፤ ከእነርሱም ዋነኛው የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1932 በአንኮበር ተወልደው፣ በ1947 የማዕድን ምሕንድስና ተምረው እንዲመለሱ ወደ እንግሊዝ አገር ተልከው ሳለ፣ ዝንባሌያቸው ወደ ሥዕል መሆኑ ስለ ታወቀ በለንደን በሴንትራል የሥነ ጥበብና የዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ ትምህርት ቤት የጥበብን ትምህርት ተከታተሉ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ የቀረበላቸውን የመንግሥት ሥራ ትተው በየጠቅላይ ግዛቱ እየተዘዋወሩ የሕዝቡን ኑሮ ተመለከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያውን የግል ትርኢታቸውን ከፈቱ። ከዚያም ወደ አውሮፓ ተመልሰው የባለቀለም መስተዋት ሥራን ተማሩ፣ በትላልቅ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች መረመሩ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሥዕሎች፣ በሐረር የቆመው የራስ መኰንን ሐውልት፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የመስተዋት ሥዕል የታዘዙላቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ተሰጥኦ በሚነገርበት ቦታ ነው፤ እኔ ግን ስለ ገበያም የሚናገረው ነገር እንዳለ አምናለሁ። ማዘጋጃ ቤት ማለት በዚያን ጊዜ ሥራ ማዘዝ የሚችል ሰው፣ መኳንንቱም፣ ዲፕሎማቱም፣ የሕንፃ ባለቤቱም የሚረግጠው አዳራሽ ነበር፤ ሠዓሊው ሥራቸውን ያሳዩት ብዙ ሰው በሚያልፍበት ጎዳና ሳይሆን የሚያዝዝ ሰው በሚገባበት ደጅ ነው። ሁለተኛም፣ ከትርኢቱ ያገኙትን በአገሩ ውስጥ ሌላ ሰው የማይሠራውን ጥበብ ለመማር አዋሉት፤ ስለዚህ የአፍሪካ አዳራሽ መስተዋት በታሰበ ጊዜ ከማን ጋር እናወዳድራቸው የሚል ጥያቄ አልነበረም ለማለት ይቻላል። እርግጥ ነው፣ ንጉሠ ነገሥትን ደንበኛ አድርጎ መጀመር ለሁሉ የሚታደል ዕጣ አይደለም፤ በአንድ ታላቅ አዛዥ ላይ የተንጠለጠለ ኑሮም የራሱ አደጋ አለው። ነገር ግን ደጁን መምረጥና ጥበብን ማጥበብ ለትርጉም ሠራተኛውም፣ ለሒሳብ ባለሙያውም በየዐቅሙ የሚሠራ ዘዴ ነው። «ማንኛውንም ጽሑፍ እተረጕማለሁ» ከሚለው ይልቅ «የሕክምና ማስረጃ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ እተረጕማለሁ» የሚለው ሰው፣ ልጁ ከቤይሩት ወይም ከሪያድ ታምሞ በተመለሰበት ቤተ ሰብ ዘንድ ስሙ ቶሎ ይነሣል።

ወደ ምስክሩ ነገር እንመለስ። በአገራችን ገንዘብ ያዥ ወይም የዕቃ ግምጃ ቤት ኀላፊ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ተያዥ አምጣ መባሉ የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ለራሱ ያደረውን ባለሙያ ግን ተያዥ የሚጠይቀው ሰው ስለ ሌለ፣ ደንበኛው ፍርሃቱን በልቡ ይዞ «እደውልልሃለሁ» ብሎ ይሸኘዋል። እንግዲህ ጀማሪው ሳይጠየቅ ተያዡን ይዞ መቅረብ አለበት። ተያዡም ሩቅ አይደለም፤ ሲሠራ ያዩት ሰዎች ሁሉ ናቸው፤ የቀድሞ አለቃው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ያረመለት መምህሩ፣ አብሮት ተምሮ ዛሬ በአንድ ድርጅት ውስጥ ተቀምጦ የሥራ ማዘዣ የሚፈርመው ጓደኛው። ከመሥሪያ ቤት በሰላም የወጣ ሰው የመጀመሪያ ደንበኛው ያው የለቀቀው መሥሪያ ቤት ቢሆን አያስደንቅም፤ እርሱ የለቀቀውን ሥራ ለመሙላት ሰው እስኪቀጠር ድረስ የሚጨርሰው ሰው ያስፈልጋልና። በጠብ የወጣ ሰው ይህን በር በገዛ እጁ ይዘጋዋል።

ለምሳሌ አንዲት ወጣት የሒሳብ ባለሙያ ለብቻዋ ለመሥራት ብትነሣ፣ ከሰፈሯ ዕድር የተሻለ መነሻ አታገኝም። ዕድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው፣ በየወሩ መዋጮ የሚሰበስብ፣ በለቅሶ ጊዜ የሚያወጣ፣ ድንኳንና ወንበር የሚያከራይ፣ ሒሳቡ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ደብተርና በአንድ ሽማግሌ ትውስታ ላይ የተንጠለጠለ ተቋም ነው፤ የዓመቱን ሒሳብ መርምራ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ብታነብብ፣ በድንኳኑ ሥር ከተቀመጡት አባላት መካከል ባለሱቁ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው ይሰሟታል። እነዚህ ሰዎች ሐምሌ ጠብቶ የግብር ወቅት ሲገባ ሒሳባቸውን የሚሠራላቸው የሚያምኑት ሰው ይፈልጋሉ። ከሰንበት ትምህርት ቤት መጽሔት፣ ከመስጊድ ጀመዓ፣ ከሰፈር የወጣቶች ማኅበር ተነሥተው ዛሬ ጥሩ ገጽ አቀናባሪ፣ ፎቶግራፍ አንሺ ወይም የድምፅ ባለሙያ የሆኑ ሰዎችም ጥቂት አይደሉም፤ በዚያ የሠሩት ሥራ ለነፍሳቸው ቢሆንም፣ ማን ቀጠሮ እንደሚያከብርና ማን እንደሚያስቀር ማኅበሩ ሁሉ ዐይቷል።

እዚህ ላይ ግን የአገራችን ታላቁ ፈተና ይመጣል፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። ከዘመድና ከወዳጅ የተጀመረ ሥራ በዘመድ ዋጋ የመቀጠል ጠባይ አለው። የአክስት ልጅ ሠርግ ሲሆን ቪዲዮ አንሺው ዋጋ መናገር ያፍራል፣ አክስቲቱም መጠየቅ ታፍራለች፤ በመጨረሻ ምሳ ተጋብዞና ተመርቆ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ በአክስቲቱ በኩል የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚመጣው «ለእነርሱ በነጻ ነው የሠራላቸው» ተብሎ ነው። በነጻ ከሠራህ ስምህ ይታወቃል የሚለው ምክር ከሁሉ የሚያስከፋኝ በዚህ ምክንያት ነው፤ ስሙ ይታወቃል፣ የሚታወቀው ግን በነጻነቱ ነው። እኔ የምመክረው የሚከተለውን ነው፤ ለዘመድም ቢሆን የሥራው ሙሉ ዋጋ በወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ከሥሩም «ለቤተ ሰብ የተደረገ ቅናሽ» ተብሎ የተቀነሰው ይታይ፣ የቀረውም፣ ጥቂት እንኳ ቢሆን፣ ይከፈል። ሁሉንም መስጠት የፈለገ ሰው ሁሉንም ይስጥ፤ ብቻ ስጦታ መሆኑ ይታወቅ፣ የስጦታውም ልክ በብር ይጻፍ። እንዲህ የተጻፈውን ወረቀት ያየች አክስት ለሌላው ስትናገር ዋጋውን ትናገራለች፤ ቅናሹንም በኩራት ትጨምርበታለች።

ዋጋውን ለማውጣትም የደመወዝን ልክ ለሰላሳ ማካፈል አይበቃም። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ሲያዋጣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል፤ ለራሱ ያደረው ሰው ግን አሠሪም ሠራተኛም ስለ ሆነ፣ ለእርጅናው የሚያኖረውን ሁሉ ከዋጋው ውስጥ ማውጣት አለበት፤ መብራት የሚጠፋባቸውን ቀናት፣ ደንበኛ በመፈለግ የሚያልፉትን ሰዓታትም እንዲሁ። ወቅትም አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ኦርቶዶክሳዊ ሠርግ የለምና የካቲት ላይ ደመወዙን ጥሎ የወጣ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ጾሙን ሁለት ጊዜ ይጾማል፤ ጥርንና ከትንሣኤ በኋላ ያሉትን ወራት ያሰላ ግን ሥራው ይበዛለታል። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የኅትመት፣ የሥልጠናና የጥናት ሥራ በግንቦትና በሰኔ ይጣደፋል፤ የሒሳብ ሰው ደግሞ ክረምቱን በሙሉ ዕረፍት የለውም።

ደንበኛው ከተገኘ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሥራ ትንሽ ቢሆን ይመረጣል፤ ትንሽ ሥራ ለሁለቱም ወገን መፈተኛ ነው፣ ከሰማንያ ገጽ መጽሐፍ አስቀድሞ አምስት ገጽ ተተርጕሞ ቢታይ ደንበኛውም ይረጋጋል፣ ተርጓሚውም የሰውየውን የመክፈል ጠባይ ያውቃል። ሥራው ግን ምንም ያህል ያንስ ውል ያስፈልገዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ ኀላፊነት ሥራ ፈጽሞ ለማስረከብ የሚዋዋለውን ሰው፣ የአእምሮ ሥራ የሚሠራውንም ጭምር ያውቀዋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ደግሞ በራሱ ሙያዊ ኀላፊነት ለሌላ ሰው በዋጋ የሚሠራውን ከአዋጁ ክልል ውጭ ያደርገዋል። እንግዲህ የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ፣ የስንብት ክፍያ ለእርሱ የሉም፤ ያለው የተዋዋለው ቃል ብቻ ነው። ምን እንደሚያስረክብ፣ በስንት ቀን፣ ደንበኛው «እስቲ ይህን ደግሞ አስተካክልልኝ» ማለት የሚችለው ስንት ጊዜ እንደ ሆነ በአንድ ገጽ ላይ ካልተጻፈ፣ የማስተካከሉ ሥራ ከዋናው ሥራ ይረዝማል።

ስለ ቀብድ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጀማሪ ቀብድን የመጀመሪያ ክፍያ ብቻ አድርጎ ስለሚያየው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ መሰጠቱ ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ወገን ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ለሦስት ሠርግ በአንድ እሑድ ቀብድ ተቀብሎ ሁለቱን የሚሰርዝ ፎቶግራፍ አንሺ ስሙን ብቻ ሳይሆን ኪሱንም ያጋልጣል። ቀብዱ በእጅ ከሚሰጥ በባንክ ወይም በቴሌብር ቢላክ፣ ከማስታወሻውም ላይ የሥራው ስም ቢጻፍ፣ ኋላ ክርክር ቢነሣ ሌላ ምስክር መጥራት አያስፈልግም።

ከግለሰብና ከትንሽ ነጋዴ አልፎ ወደ መሥሪያ ቤት ደንበኛ ለመድረስ የሚሻ ሰው ሌላ ዓይነት ግድግዳ ይገጥመዋል። መሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያለበት ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዋጋ ያወዳድራል፤ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር ይጠይቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ገንዘብ ያዡ «ደረሰኝ አለህ?» ይላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 979፣ ፈቃድና መለያ ቍጥር ለማያቀርብ አቅራቢ ከሚከፈለው ላይ 30 በመቶ ተቀንሶ እንዲያዝ ያዘዘ መሆኑን ያልሰማ ጀማሪ፣ የተስማማበትን ዋጋ ሲጠብቅ ሲሦ ያህሉ ጐድሎ ይደርሰዋል። መፍትሔው ከመጀመሪያው ቀን ቢሮ መክፈት ነው አልልም፤ ሙያው ፍሬ ሳይሰጥ ኪራዩ ይበላዋል። ብዙ ሰው በጥበብ የሚያልፈው ፈቃድ ካለው ማተሚያ ቤት፣ የትርጉም ቢሮ ወይም የሒሳብ ድርጅት ሥራውን በንዑስ ውል እየተቀበለ ነው፤ ዋጋው ያንሳል፣ ስሙም አይጻፍም፣ ነገር ግን ትልልቅ ሥራዎች እንዴት እንደሚታዘዙና እንደሚረከቡ ከውስጥ ያያል። ኋላ ፈቃድ ሲያወጣ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኀላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ስለ ፈቀደ፣ እንደ ቀድሞው ለስም ብቻ የሚፈርም ሸሪክ መለመን አይኖርበትም።

ከባሕር ማዶ ደንበኛ ስለ ማግኘት የሚወራው ብዙ ነው፤ እኔ ግን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ኢላንስና ኦዴስክ የሚባሉት ተዋሕደው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አፕወርክ በተባሉበት ገበያም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2010 በእስራኤል በተመሠረተው ፋይቨር ዘንድ፣ አዲስ ገቢ የሚወዳደረው ከመላው ዓለም ሕዝብ ጋር ነው፤ ምስክሩም ቀደም ብለው የሠሩ ሰዎች የተዉት አስተያየት ስለ ሆነ አስተያየት የሌለው ሥራ አያገኝም፣ ሥራ ያላገኘም አስተያየት የለውም። ፋይቨር ከሠሪው ገቢ 20 በመቶ ይወስዳል፤ ገንዘቡ ወደ አገራችን የሚገባበትም መንገድ ቀጥተኛ አይደለም። ሆኖም ግን የእኛ ሰው ዓለም ሁሉ የማይወዳደረው አንድ ነገር አለው፤ ቋንቋው ነው። የዋሽንግተን ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ምክንያት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ወደ አማርኛ ጭምር ያስተረጕማሉ፤ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያከፋፍሉ የትርጉም ድርጅቶች ደግሞ በመፈተኛ ጽሑፍ ነው ሰው የሚመርጡት። ከዚህ ጋር የምንዛሪውን ነገር ማሰብ ይገባል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ለዓመት በብር ተዋውሎ የኮምፒዩተር ዕቃና የሶፍትዌር ክፍያ በዶላር የሚገዛ ሰው ያን ጊዜ ምን እንደ ደረሰበት መገመት አያስቸግርም። ዋጋ ማቅረቢያው ላይ «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ15 ቀን ነው» የሚለውን የነጋዴ ቃል ባለሙያም ሊለምደው የሚገባው ለዚህ ነው።

ደመወዝን መቼ መተው እንደሚገባ ለሚጠይቁኝ የምሰጠው መለኪያ የደንበኞችን ቍጥር የሚመለከት አይደለም። ዐሥር ደንበኛ ቢኖር፣ ዐሥሩም ዘመድና የትምህርት ቤት ጓደኛ ከሆኑ፣ ገበያው ገና አልተጀመረም፤ ባለሙያው ጨርሶ የማያውቀው፣ ወላጆቹንም የማያውቅ፣ በአንድ ደንበኛ አፍ ተልኮ የመጣ ሰው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ሲሄድ ግን ምስክርነቱ ከቤተ ሰቡ ክበብ መውጣቱ ታወቀ፤ እንዲህ ያለው ሰው ሁለተኛና ሦስተኛ ሲሆን የመልቀቂያ ደብዳቤ ቢጻፍ አያስፈራም። ማን ማንን እንደ ላከ በደብተር መጻፍ፣ የላከውንም ሰው ሥራውን ባስረከበ በዚያው ሳምንት ደውሎ እንዴት እንደ ተፈጸመ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ተሰናክሎ ከሆነም የላከው ሰው ከሌላ አፍ ከመስማቱ በፊት ከራሱ ከባለሙያው መስማት አለበት።